የሜክሲካውያን አሰፋፈር በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከተሞች

«በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ሜክሲካውያን የሚኖሩት በየትኛው ከተማ ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ምናልባት ከመካከላችሁ ብዙዎቹ «በሎስ አንጀለስ ከተማ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። መልሱ ሐሰት ነው አይባልም፤ ነገር ግን ጥያቄው በውስጡ ሌሎች ጥያቄዎችን ሸሽጎ ይዟል። «ካውንቲ» ምንድን ነው? «ሜክሲካዊ» የሚባለውስ ማን ነው? «በብዛት ይኖራሉ» ሲባል ብዛቱ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው? እነዚህ ሳይብራሩ የሚሰጥ መልስ፣ ቃላቱ ቢያምሩም እንኳ፣ አንባቢውን ከነበረበት ቦታ አያንቀሳቅሰውም። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉ።

ካውንቲ በአሜሪካ የአስተዳደር አከፋፈል ከስቴት ቀጥሎ የሚገኝ እርከን ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የካሊፎርኒያ ስቴት አንዱ ክፍል ሲሆን የተቋቋመው በ1850 ነው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቹ ከ10 ሚሊዮን ጥቂት በልጠው ስለ ተገኙ፣ በአገሪቱ ካሉት ካውንቲዎች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚው ነው። በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በመካከሉ ተራራ፣ በስተ ሰሜኑ ደግሞ በረሃማ ሜዳ ይገኛል። በውስጡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው 88 ከተሞች አሉ። ከእነዚህ ትልቁ ወደ 3 ሚሊዮን 900 ሺህ ሕዝብ ያለው የሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ቨርነን የተባለችው ከተማ ግን በዚያው ቆጠራ የተገኙባት ነዋሪዎች 222 ብቻ ነበሩ። ከ88ቱ ከተሞች ክልል ውጭ ሆኖ በቀጥታ በካውንቲው የሚተዳደር መሬትም ሰፊ ነው፤ በእርሱም ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖራል።

እነዚህን ከተሞች ስታስቡ በመካከላቸው እርሻና ገጠር ያለ አይምሰላችሁ። አብዛኛዎቹ ቤት ለቤት የተያያዙ፣ መንገዱ ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ስለ ሆነ፣ እንግዳ ሰው የትኛውን ከተማ ለቆ የትኛው ውስጥ እንደ ገባ የሚያውቀው በመንገድ ዳር በተተከለው ሰሌዳ ነው። ዳሩ ግን ያቺ የማትታይ መስመር የትምህርት ቤቱን በጀት፣ የፖሊሱን ጣቢያ፣ የምርጫውን ወረዳ ትለያለች። ስለዚህ የትኛው ሕዝብ ከመስመሩ በየትኛው ወገን ሠፈረ ብሎ መጠየቅ ተራ የካርታ ጨዋታ አይደለም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። «ሜክሲካዊ» የሚለው ቃል በአማርኛችንም ሆነ በእንግሊዝኛው ቢያንስ ሦስት ፍቺዎች ይሰጣል። አንደኛው የሜክሲኮ ዜግነት ያለው ሰው ማለት ነው። ሁለተኛው ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሜክሲኮ ምድር የተወለደ ማለት ነው። ሦስተኛው ራሱ አሜሪካ ውስጥ ቢወለድም፣ ከሜክሲኮ ከመጡ ወላጆች ወይም አያቶች የወረደ ማለት ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በሎስ አንጀለስ ተወልዶ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ፣ ቤቱ ውስጥ ስፓኝኛ እየተናገረ ቢያድግ፣ በሁለተኛው ፍቺ ሜክሲካዊ አይደለም፤ በሦስተኛው ግን ነው። አንድ ጸሐፊ በመጀመሪያው አንቀጽ ቃሉን በአንደኛው ፍቺ ከተጠቀመበት በኋላ በሚቀጥለው አንቀጽ ወደ ሦስተኛው ቢያዛውረው፣ ሰዋስዉ ምንም እንከን ሳይኖርበት ድርሰቱ ሐሰተኛ ይሆናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛውን ፍቺ እንይዛለን፤ ይኸውም የዘር ሐረጉን ከሜክሲኮ የሚቆጥር ነዋሪ ማለት ነው።

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራም የሚከተለው ይህንኑ ነው። የቆጠራው ቅጽ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሰው «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነህን?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ቃላት ከሜክሲኮም፣ ከጓቲማላም፣ ከኤል ሳልቫዶርም፣ ከኩባም ሆነ ከሌሎቹ በስፓኝ ቋንቋና ባሕል ከተያያዙ አገሮች የመነጩትን ሰዎች ባንድነት የሚያጠቃልሉ ናቸው። መልሱ አዎን ከሆነ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ተለይቶ ይመለከታል። እንግዲህ ሜክሲካዊ ሁሉ ላቲኖ ሊባል ይችላል፤ ላቲኖ ሁሉ ግን ሜክሲካዊ አይደለም። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ በ2010 በተደረገው ቆጠራ ላቲኖዎቹ ወደ 4 ሚሊዮን 700 ሺህ ሲጠጉ፣ ከእነርሱ መካከል የሜክሲኮ ተወላጅ ነን ያሉት 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ያህል ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። ስለ አንዲት ከተማ «ከመቶው ዘጠና ላቲኖ ነው» የሚል ወሬ ብታነቡ፣ ዘጠናውን በሙሉ ሜክሲካዊ አድርጋችሁ እንዳትጽፉ ተጠንቀቁ። በተለይ ከሎስ አንጀለስ ከተማ መካከል በስተ ምዕራብ በሚገኙት የፒኮ ዩኒየንና የዌስትሌክ ሠፈሮች የሳልቫዶርና የጓቲማላ ሰዎች ብዙ ናቸው።

የቆጠራው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። በ1930 በተደረገው ቆጠራ «ሜክሲካዊ» የሚለው ስም እንደ አንድ የዘር ዓይነት ተቆጥሮ በቅጹ ላይ ገብቶ ነበር። የሜክሲኮ መንግሥትና የሜክሲኮ ተወላጆች ስለ ተቃወሙት በ1940 ተሠረዘ፤ እንደገናም «ነጭ» በሚለው ሥር ተመዘገቡ። የዛሬው ዓይነት ጥያቄ ለመላው ሕዝብ የቀረበው በ1980 ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ቤት እየኖረ፣ ቃሉ በተለወጠ ቁጥር በሌላ ዓምድ ሥር ተጻፈ።

ቀጥሎ የሚመጣው የብዛትና የድርሻ ነገር ነው። ብዛት የሰዎቹ ቁጥር ሲሆን፣ ድርሻ ግን ከጠቅላላው ነዋሪ ከመቶው ስንት እንደ ሆኑ የሚያሳይ ነው። በ2010 በሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል የሜክሲኮ ተወላጆች ይኖሩ ነበር። በካውንቲው ካሉት ከተሞች ይህን የሚያህል ሌላ የለም። ይሁን እንጂ ከተማው ራሱ ግዙፍ ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ከነዋሪው አንድ ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም፤ ከመቶው 32 ገደማ ነው። ሜይውድ የተባለችውን ከተማ በአንጻሩ ብንመለከት፣ ስፋቷ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ በ2020 የነበራት ሕዝብም 25 ሺህ ያህል ነው። ነገር ግን ከመቶው ከ95 በላይ ላቲኖ ሲሆን ከእነርሱም የሚበዙት የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? «ይበልጣል» የሚለው ግሥ ብቻውን ሲቆም ጎደሎ ነው። «በምን ይበልጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስለት ቃል ይፈልጋል። «ሎስ አንጀለስ በብዛት ይበልጣል፤ ሜይውድ በድርሻ ትበልጣለች» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ይሞላል፣ እውነቱም ይገለጣል።

ካርታውን ዘርግተን ድርሻውን በቀለም ብንቀባው፣ ቀለሙ እጅግ የሚጠቁረው ከሎስ አንጀለስ ከተማ መካከል በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ በተጠጋን ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በቤቨርሊ ሂልስና በማሊቡ ቀለሙ ሊታይ አይችልም ማለት ይቻላል። ይህ እንዴት ሆነ?

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1781 መመለስ ያስፈልጋል። የሎስ አንጀለስን ከተማ በዚያ ዓመት የመሠረቱት፣ ዛሬ የሜክሲኮ ግዛት ከሆኑት ከሶኖራና ከሲናሎአ የመጡ 44 ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ አገሩ የስፓኝ ነበር። ሜክሲኮ በ1821 ነጻ ስትወጣ የሜክሲኮ ሆነ። ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ በ1848 የጓዳሉፔ ሂዳልጎን ውል ስትፈርም ደግሞ የአሜሪካ ሆነ። ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይንቀሳቀሱ ድንበሩ በላያቸው ላይ ተሻገረ። «ስደተኛ» የሚለውን ቃል ለሁሉም ባንድነት መስጠት ትክክል የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ በካውንቲው ከሚኖሩት ውስጥ የሚበልጡት ግን ከዚያ ወዲህ ከመጡት የወረዱ ናቸው። በ1910 የፈነዳው የሜክሲኮ አብዮት ብዙ ሕዝብ ወደ ሰሜን አፈናቀለ። በዚያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋ፣ ጡብ የሚሠራ፣ ብርቱካንና እንጆሪ የሚለቅም ሰው በካሊፎርኒያ እጅግ ይፈለግ ነበር። ሠራተኞቹም በሥራው ቦታ አቅራቢያ መንደር መሠረቱ። በሞንቴቤሎ በጡብ ፋብሪካው ዙሪያ፣ በኤል ሞንቴ በእርሻው ዳር፣ በሳን ፈርናንዶና በፖሞና በብርቱካኑ ተክል አጠገብ የተቆረቆሩት የሠራተኛ መንደሮች እንዲህ ያሉ ነበሩ። በ1933 የኤል ሞንቴ እንጆሪ ለቃሚዎች ደመወዛቸው እንዲሻሻል ሥራ በማቆም ያደረጉት አድማ በአካባቢው የሠራተኞች ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። እርሻው ከጠፋ፣ መሬቱም በቤትና በመንገድ ከተሸፈነ ብዙ ዘመን ሆነው፤ የሕዝቡ አሰፋፈር ግን የጥንቱን የብርቱካን ተክልና የጡብ ምድጃ ምልክት እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል።

ሁሉም በፈቃዱ የሠፈረ አይምሰላችሁ። በሃያኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በብዙ ሠፈሮች የቤት መሸጫ ውል ላይ፣ ቤቱ ነጭ ላልሆነ ሰው እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል ቃል ይጻፍ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውን ብድር የሚመለከት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ በአራት ቀለም ከፋፈለ። ነጭ ያልሆኑ ወይም የተቀላቀሉ ነዋሪዎች የሚገኙበት ሠፈር በቀይ ይቀባል፤ በቀይ የተቀባ ሠፈርም ብድር ያጣል። ሜክሲካውያን፣ አይሁድና ጃፓኖች ጎን ለጎን ይኖሩበት የነበረው ቦይል ሃይትስ እንዲህ ቀይ ከተቀቡት አንዱ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948፣ ሼሊ እና ክሬመር በተከራከሩበት ጉዳይ፣ እንዲህ ያለውን የውል ቃል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት እንደማይችሉ ወሰነ። ከዚያ በኋላ በር ቀስ በቀስ መከፈት ጀመረ። አይሁዶቹ ቀደም ብለው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሜክሲካውያኑ በቦይል ሃይትስና ከእርሱ ቀጥሎ በሚገኘው በኢስት ሎስ አንጀለስ በዙ። ኢስት ሎስ አንጀለስ ስሙ ከተማ ቢያስመስለውም ከተማ አይደለም፤ ቀደም ሲል ከጠቀስነው፣ በቀጥታ በካውንቲው ከሚተዳደረው መሬት ውስጥ ነው። በ2020 ከነበሩት 119 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ከመቶው ከ90 በላይ ላቲኖዎች ነበሩ።

ከዚህ ጋር አንድ መራራ ታሪክ ማውሳት ያስፈልጋል። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ ባጠፋ ጊዜ ሜክሲካውያኑ ተጠያቂ ሆነው ተገኙ። በየካቲት 1931 የመንግሥት ሰዎች በሎስ አንጀለስ ጥንታዊ አደባባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከበው ወረቀት ጠየቁ። ካውንቲው ራሱም ባቡር እያዘጋጀ ቤተሰቦችን በሙሉ ወደ ሜክሲኮ ይልክ ነበር። ከተጫኑት መካከል አሜሪካ ውስጥ የተወለዱ ሕፃናት፣ ማለትም የአሜሪካ ዜጎች ይገኙባቸዋል። የካሊፎርኒያ ስቴት ስለዚህ አድራጎት በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው። ጦርነቱ መጥቶ ሠራተኛ ሲጠፋ ደግሞ በ1942 አሜሪካና ሜክሲኮ ውል ተዋውለው፣ እስከ 1964 ድረስ የእርሻ ሠራተኞች በኮንትራት እንዲመጡ ተደረገ። አስወጥቶ መልሶ መጥራት ይሏችኋል ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ግን የደቡብ ምሥራቁ ከተሞች ለውጥ ይመስለኛል። ሳውዝ ጌት፣ ሃንቲንግተን ፓርክ፣ ቤል፣ ሜይውድ፣ ቤል ጋርደንስ፣ እነዚህ ሁሉ እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ትናንሽ ከተሞች ናቸው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ነዋሪዎቻቸው ነጭ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሳውዝ ጌት የፋየርስቶን የመኪና ጎማ ፋብሪካ ከ1928 ጀምሮ፣ የጄኔራል ሞተርስ የመኪና መገጣጠሚያ ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ይሠሩ ነበር። አባት ፋብሪካ ገብቶ ልጁን በእግሩ ይተካ ነበር። በ1980 የጎማው፣ በ1982 የመኪናው ፋብሪካ ተዘጋ። በአጎራባቿ በቨርነን የነበረው የቤትልሄም የብረት ፋብሪካም በዚያው ሰሞን ቆመ። ነጮቹ ከዚያ አስቀድመው መልቀቅ ጀምረው ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ጉዞው ተፋጠነ። የባዶ ቤቶቹን ኪራይ የያዙት ከኢስት ሎስ አንጀለስ የወጡና ከሜክሲኮ በአዲስ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። በ1990 ቆጠራ በሳውዝ ጌት የላቲኖው ድርሻ ከመቶው ከ80 በልጦ ተገኘ። አዲሶቹ ነዋሪዎች የወረሱት ቤቱን እንጂ ሥራውን አይደለም። ደህና የሚከፈልበት የፋብሪካ ሥራ በሄደበት ማግሥት ደርሰው፣ በልብስ ስፌት፣ በመጋዘን፣ በሥጋ ማሸጊያና በጽዳት ሥራ ተሰማሩ። ቢሆንም ሞቶ የነበረውን የሃንቲንግተን ፓርክ ዋና የገበያ መንገድ፣ የፓስፊክ ቡሌቫርድን፣ መልሰው ያስነሡት እነርሱ ናቸው። ልጃገረዶች 15 ዓመት ሲሞላቸው ለሚደረገው የሜክሲኮ ክብረ በዓል የሚለበሰው ባለ ብዙ ንብርብር ቀሚስ ዛሬ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ነዋሪ ሌላ፣ መራጭ ሌላ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ። ቤል 35 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ዜጎች ስላልሆኑ ወይም ዕድሜያቸው ስላልደረሰ አይመርጡም። በ2005 የከተማዋን የአስተዳደር ደንብ የሚለውጥ፣ የሹማምንቱንም ደመወዝ ገደብ የሚያስለቅቅ ውሳኔ ለምርጫ ሲቀርብ ድምፅ የሰጡት ሰዎች 400 እንኳ አልሞሉም። በ2010 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ እንደ ገለጠው፣ የዚህች የድኾች ከተማ ሥራ አስኪያጅ በዓመት ወደ 800 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ነገሩ ሲሰማ ነዋሪው በሙሉ፣ መራጭ የሆነውም ያልሆነውም፣ ምክር ቤቱን አጥለቀለቀ። ሹማምንቱም ተከሰው ተፈረደባቸው።

ስለ ትምህርት ቤት ከተነሣ፣ እናንተን የሚመስሉ ተማሪዎች በመጋቢት 1968 ያደረጉትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በኢስት ሎስ አንጀለስና በአካባቢው በሚገኙት ጋርፊልድ፣ ሩዝቬልት፣ ሊንከን በሚባሉትና በሌሎችም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ክፍላቸውን ለቀው ወጡ። ክፍሎቹ የተጨናነቁ ነበሩ፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ የሚያቋርጠው እጅግ ብዙ ነበር፤ በግቢው ውስጥ ስፓኝኛ የተናገረ ተማሪ ይቀጣ ነበር። ከደገፏቸው አንዱ የሊንከን ትምህርት ቤት መምህር ሳል ካስትሮ ነበሩ። እርሳቸውን ጨምሮ 13 ሰዎች ተከሰሱ፤ ክሱ ግን በኋላ ተሠረዘ። ሕዝቡ በአንድ ሥፍራ ተጠጋግቶ በመኖሩ የመጣበት ጉዳት መጨናነቁ ነው፤ ልጆቹ በአንድ ቀን ከብዙ ትምህርት ቤት ሊወጡ የቻሉትም በዚያው በመጠጋጋታቸው ነው።

አሰፋፈር በፖለቲካ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን በይበልጥ የታየው በ1990 ነው። ያን ጊዜ ካውንቲው በአምስት ወረዳ ተከፍሎ አምስት ተመራጮች ያስተዳድሩት ነበር። በ1981 የወረዳዎቹ መስመር ሲሠመር በሳን ገብርኤል ሸለቆና በምሥራቁ የተያያዘው የላቲኖ ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ወረዳ ውስጥ ቢሆን አብላጫ ሊሆን የሚችለው ሕዝብ በሁለቱም ወረዳ አናሳ ሆነ። ነገሩ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ፍርድ ቤቱ መስመሩ ሆነ ተብሎ የላቲኖውን ድምፅ ለመከፋፈል የተሠመረ ነው ብሎ ፈረደ። አዲስ መስመር ተሠመረና በ1991 በተደረገው ምርጫ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑት ግሎሪያ ሞሊና ተመረጡ። ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ ወንበር ላይ የላቲኖ ተወላጅ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። አስተውሉ፤ ከ1981 እስከ 1991 ሰዎቹ ከቤታቸው አልተነሡም። በወረቀት ላይ ያለው መስመር ሲዛወር ድምፃቸው ተሰማ። በ2024 ደግሞ መራጮች የተመራጮቹ ቁጥር ከአምስት ወደ ዘጠኝ ከፍ እንዲል አጽድቀዋል።

እንግዲህ ቆጠራው ራሱ ምን ያህል ይታመናል የሚል ተማሪ ቢነሣ መልካም ጠየቀ እላለሁ። የአሜሪካ የቆጠራ መሥሪያ ቤት የ2020ን ሥራውን መልሶ ሲመረምር፣ በመላው አገሪቱ ከላቲኖዎች መካከል ከመቶው አምስት ያህል ሳይቆጠሩ እንደ ቀሩ አስታውቋል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቤት ሲኖር፣ አንዱም ለመኪና ማቆሚያ በተሠራው ክፍል ውስጥ ሲተኛ፣ በሩን የሚያንኳኳውም ሰው ከመንግሥት የመጣ ሲሆን፣ የሁሉም ስም ይመዘገባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ በሚመደበው ገንዘብ ውስጥም አይገባም።

ከዚህም ሌላ ቆጠራ የሚመዘግበው ሰው የሚያድርበትን እንጂ የሚውልበትን አይደለም። 222 ነዋሪ ብቻ ባላት በቨርነን በፋብሪካዎቿና በመጋዘኖቿ በየቀኑ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ይውላል። የላቲኖው ድርሻ እጅግ አነስተኛ በሆነበት በቤቨርሊ ሂልስ አትክልት የሚኮተኩተው፣ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ የሚያጥበው፣ ሕፃን የሚያሳድገው ሰው በአብዛኛው ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ በአውቶቡስ መጥቶ ማታ የሚመለስ ነው። በሌሊት የተሳለው ካርታ በቀን ቢሳል መልኩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ ከቤቨርሊ ሂልስ ብዙም ሳይርቅ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሥፍራ ይገኛል። እዚያም ቢሆን ስሙ የተሰጠው ለምግብ ቤቶቹና ለሱቆቹ እንጂ ኢትዮጵያውያኑ በሙሉ በዚያ መንገድ ስለሚኖሩ አይደለም። የሠፈር ስምና የነዋሪ አሰፋፈር ሁልጊዜ አይገጣጠሙም።

አሰፋፈሩ ዛሬም አልረጋም። ገንዘብ የያዙት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ የሆኑት ወደ ዳውኒና ወደ ዊቲየር ወጥተዋል። ዳውኒን «የሜክሲካውያን ቤቨርሊ ሂልስ» እያሉ የሚጠሯት አሉ። ቀድሞ የጥቁር አሜሪካውያን ከተማ ተብላ በምትታወቀው በኮምፕተን ዛሬ የሚበዛው ነዋሪ ላቲኖ ነው። በቦይል ሃይትስ ደግሞ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ብድር የተነፈገው ሠፈር፣ ለመካከለኛው ከተማ በመቅረቡ፣ አሁን ኪራዩ የሚወደድበት ሆኗል። ያንን ኪራይ መክፈል ያቃታቸው፣ ወይም የራሳቸውን ቤት ለመግዛት የፈለጉ ብዙ ቤተሰቦች ተራራውን ተሻግረው በሰሜኑ በረሃ ወዳሉት ወደ ፓምዴልና ወደ ላንካስተር ሄደዋል። በ2020 እነዚህ ሁለት ከተሞች እያንዳንዳቸው 170 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው፤ በፓምዴልም ከመቶው 60 ያህሉ ላቲኖ ነበር። ቤቱ ሰፊ፣ ዋጋው የሚቀመስ ነው። ሥራው ግን ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቀርቷል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ወጥተው፣ በመኪናም ሆነ በባቡር ወደ ሎስ አንጀለስ ይወርዳሉ፤ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሲነሡ ወላጆቹን አያገኟቸውም። በቆጠራው ግን የፓምዴል ነዋሪዎች ናቸው።